እናቶች ባይጥሉ ኖሮ

እናቴ ዕቃ አትጥልም። የብስኩት ቆርቆሮ ብስኩቱ አልቆ ከተረሳ በኋላ መርፌና ክር ይዞ አልጋ ሥር ይኖራል። የኒዶ ጣሳ ወተቱን ሲጨርስ የሽሮ ቤት ይሆናል። ሃይላንዱ ዘይት ይቀዳበታል፤ ዘይቱ ሲያልቅ ጋዝ፤ ጋዙ ሲያልቅ አናቱ ተቆርጦ ጤና አዳም ይተከልበታል። ፌስታል ደግሞ ፌስታል ውስጥ ገብቶ፣ እሱም ሌላ ፌስታል ውስጥ ገብቶ፣ ከጓዳው በር ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ልጅ ሆኜ የውጨኛው ፌስታል ዕድሜ ስንት እንደሆነ ጠይቄያት «ካንተ ይበልጣል» ብላኛለች።

ባለቤቴም የዚያው ትምህርት ቤት ምሩቅ ናት። ቨርጂኒያ ከገባን ወዲህ የተለወጠው የጣሳው ዓይነት ብቻ ነው። ፍሪዘር ከፍቶ አይስክሬም አገኘሁ ብሎ ክዳኑን ያነሳ ሰው የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ያገኛል። ልጄ በሕይወቱ የደረሰበት የመጀመሪያው ክህደት ይሄ እንደሆነ ይናገራል።

ይህን የማነሳው ስለ ቤዝቦል ካርድ ላወራችሁ ነው። ከጣሳና ከፌስታል የራቀ ነገር ይመስላል፤ ግን አይርቅም።

ልጄ ካርድ ይሰበስባል። ካርዱ 2.5 በ3.5 ኢንች የሆነ ካርቶን ነው፤ ፊቱ ላይ የተጫዋች ፎቶ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ሰውየው የት እንደተወለደ፣ ስንት ጊዜ እንደመታ፣ ስንት ጊዜ እንደሳተ በደቃቅ ፊደል ሰፍሮበታል። ሲጀመር ለብቻው የሚሸጥ ነገር አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሲጋራ ፓኮ ውስጥ ገብቶ ፓኮው እንዳይጨማደድ የሚደግፍ ወረቀት ነበር፤ ባዶውን ከሚቀመጥ ሥዕል ይኑርበት ተባለ። ቆይቶ ሲጋራው ቀረና ማስቲካ መጣ። ቶፕስ የሚባለው የብሩክሊን ኩባንያ ሻጭነቱ የማስቲካ ነበር፤ ካርዱ ምራቂ ነው። ልጆቹ ግን ማስቲካውን እየተፉ ምራቂውን ያዙ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ማስቲካው ካርዱን ያቆሽሸዋል የሚል ቅሬታ ስለበዛ ቶፕስ ማስቲካውን ከጥቅሉ አወጣው። ምራቂው ባለቤቱን ከቤት አስወጣ ማለት ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ ካርዱም የእነሱ ነው።)

እኔ ያደግሁት የኳስ ተጫዋች ፎቶ ሚኒባስ ውስጥና ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ በሚለጠፍበት አገር ነው። ፎቶው ፀሐይ ይመታዋል፣ ጢስ ይጠጣል፣ አንዱ ጥግ ይላጥና በፕላስተር ይጠገናል፤ ተጫዋቹ ክለብ ከቀየረ ደግሞ አዲሱ በላዩ ላይ ይለጠፍበታል። ጥጉ ስለተላጠ ዋጋው ወረደ ያለ ፀጉር አስተካካይ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ልጄ አንድ ካርድ በጥፍሩ ጫፍ ይዞ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ፣ ከስስ ላስቲክ ወደ ጠንካራ ፕላስቲክ ሲያዛውር ሳየው መጀመሪያ ላይ የታመመ መስሎኝ ነበር።

ወደ እናቶች ልመለስ። የአሜሪካ እናት ጣይ ናት። ቢያንስ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ እናት ጣይ ነበረች። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ወይም ሲዘምት ክፍሉ ይጸዳል፤ አልጋው ሥር ያለው የጫማ ካርቶን ይጎተታል፤ በላስቲክ የታሰረ የተጫዋች ፎቶ ክምር ይታያል፤ ካርቶኑ ተመልሶ ይዘጋና ከቆሻሻው ጋር ይወጣል። ዕድሜው የገፋ አሜሪካዊ ወንድ ካገኛችሁ ጠይቁት፤ «እናቴ ባትጥልብኝ ኖሮ ዛሬ ሀብታም ነበርኩ» ይላችኋል። እኔ በምሠራበት ቦታ ጡረታው የተቃረበ አንድ ሰው አለ። እናቱ ካረፉ ቆይተዋል። ስለ እሳቸው ሲያወራ ደግነታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርስና ስለ ጫማው ካርቶን የምሳ ሰዓቱን ያጋምሳል።

እርግጥ እናትን ብቻ መክሰስ ግፍ ነው። ልጆቹም ካርዱን እንደ ጠላት ነበር የሚያዩት። በልብስ መቆንጠጫ ከብስክሌቱ ጋር አያይዘው የጎማውን ሽቦዎች እንዲመታ ያደርጉታል፤ ብስክሌቱ ሲሄድ ተር ተር ተር ይላል፤ ሞተር ሆነ ይባላል። ግድግዳ ላይ እየወረወሩ ይበላሉበታል። ተጫዋቹ ሌላ ክለብ ከተሸጠ የድሮውን ስም በእስክሪብቶ ሰርዘው አዲሱን ይጽፉበታል። ዛሬ በመቶ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ስንቱ ካርድ በየሰፈሩ ሞተር ሆኖ አልቋል።

ሰብሳቢዎቹ አፍ አውጥተው የማይናገሩት ነገር ደግሞ ይሄ ነው፤ የእነሱ ሀብት የተሠራው በእነዚህ እናቶችና በእነዚህ ብስክሌቶች ነው። ያ ሁሉ ካርድ ባይቀደድ፣ ባይረጥብ፣ ባይጣል ኖሮ የተረፈው ምንም ባላወጣ ነበር። ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ ውለታው ለማያውቃት ጣይ ሴት ነው። ልጄ ይህን ስነግረው አልወደደውም። እኔ ግን ማስረጃ አለኝ።

ማስረጃዬ ሳይ በርገር ይባላል። የቶፕስ ሠራተኛ ነበር። የ1952ን የቶፕስ ካርድ ዉዲ ጌልማን ከሚባል ባልደረባው ጋር ብሩክሊን ውስጥ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነው የነደፈው። ያ ስብስብ 407 ካርድ አለው፤ ከ311ኛው ጀምሮ ያለው የመጨረሻው ክፍል የወጣው ዘግይቶ ነበር። የቤዝቦሉ ወቅት ሊያልቅ፣ ልጆቹ ልባቸው ወደ ሌላ ጨዋታ ሊሄድ ሲል ማለት ነው። ሳይሸጥ ቀረና መጋዘን ገባ። በርገር ለዓመታት ገዢ ፈለገለት፤ በየባዛሩ ለሚዞሩ ነጋዴዎች እንኳ በሳንቲም አቅርቦ የፈለገው አጣ። በመጨረሻ በ1960 ገደማ ካርቶን ካርቶኑን በቆሻሻ ጀልባ ጭኖ ከኒው ጀርሲ ዳርቻ ራቅ ብሎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ጨመረው። ከሰመጠው ውስጥ 311ኛው ካርድ የተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ነበር። በነሐሴ 2022 አንድ የ1952 ማንትል በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ሻጩ በ1991 ሲገዛው 50 ሺህ ዶላር ከፍሎ ነበር፤ ያን ጊዜም አብዷል ያሉት አይጠፉም።

የማንትል ቅጂ እኛም ቤት አለ። ቶፕስ ራሱ ኋላ ላይ ያሳተመው፣ ልጄ በልደቱ ያገኘው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ተዘግቶ ሳሎን የቆመ። ባለፈው ክረምት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣችና ከቤተሰቡ ፎቶዎች መካከል አየችው።

«ይሄ ደግሞ የማን ወገን ነው?» አለች።

«ዘመድ አይደለም እማዬ፤ ተጫዋች ነው።»

«አለ?»

«ሞቷል። በ1995።»

«ነፍሱን ይማር» አለችና መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለች። ቢጫ ዱላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሽቅብ የሚያይ ወጣት ነው። «ምነው ዱላውን ይዞ ተነሳ? እረኛ ነበር እንዴ?»

«ቤዝቦል በዱላ ነው የሚጫወቱት እማማ» አላት ልጄ። «የኦክላሆማ ልጅ ነው። አባቱ ማዕድን ቆፋሪ ነበር።»

«እሱስ የደሃ ልጅ ፊት ነው ያለው» አለች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማንትል ቤተሰብ ሆነ።

ልጄ ዋጋውን ሲነግራት በብር እንዲያወጣላት ጠየቀች። ስልኩ ላይ ሲያሰላ ዜሮው አላልቅ አለውና ተወው አለችው። «ይሄ ነው እንግዲህ ያ?»

«አይደለም፤ ይሄ ቅጂው ነው።»

«ቅጂውን ነው እንዲህ ዘግታችሁ የምታስጎበኙት!»

ወሬውን ለመቀየር ብዬ የበርገርን ታሪክ ነገርኳት። ካርዱ መጋዘን መቀመጡን፣ ጀልባው መጫኑን፣ ውቅያኖስ መግባቱን። ፊቷ ጠቆረ።

«ባሕር ውስጥ? አዲስ ካርቶን? ምን ነካው፣ ሰውየው እናት የለውም?»

ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። በርገር የኔ ዓይነት እናት ቢኖረው ኖሮ ያ ካርቶን ውቅያኖስ አይገባም ነበር። ለየጎረቤቱ ታድሎ፣ በየአልጋው ሥር ገብቶ፣ ግማሹ የመሳቢያ ንጣፍ፣ ግማሹ የበር ማስደገፊያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖር ነበር፤ ማንትልም በኪሎ ይሸጥ ነበር። እርግጥ ያኔም ቢሆን የማይጥል ቤት አልጠፋም። በ1986 ማሳቹሴትስ ውስጥ ከአንድ ሰው ቤት በሺዎች የሚቆጠር፣ የሰው እጅ ያልነካው የ1952 ካርድ ተገኝቷል፤ 12.6 ሚሊዮን ያወጣውም ማንትል ከዚያ ክምር የወጣ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲጥል ያልጣለ አንድ ቤት ሀብታም ይሆናል። ሁሉም ቤት ካልጣለስ?

አሜሪካኖች ይህንንም ሞክረውታል። በ1980ዎቹ እናታቸው የጣለችባቸው ልጆች አድገው ደመወዝተኛ ሆኑ፤ የልጅነታቸውን ካርድ በውድ መግዛት ጀመሩ፤ የዋጋ መጽሔት ወጣ፤ ጋዜጣው ጻፈ። ወዲያው አገሩ በሙሉ ነቃ። አባት ለልጁ ካርድ ይገዛል፤ ልጁ ግን እንዳይነካው። ሳጥኑ ሳይከፈት ጋራዥ ይገባል፤ ልጁ ኮሌጅ ሲደርስ ተሽጦ ክፍያውን ይሸፍናል ተባለ። ብስክሌት ላይ የሚያስር ጠፋ። የምትጥል እናትም ጠፋች፤ እንዲያውም እናትየዋ ራሷ ሳጥኑን ደረቅ ቦታ አስቀምጡት ባይ ሆነች። ቶፕስ፣ ዶንረስ፣ ፍሊር፣ ስኮር፣ አፐር ዴክ ሁሉም ማተሚያቸውን ሌት ተቀን አስሮጡት። ልጁም ኮሌጅ ደረሰ። ሳጥኑ ሲወጣ የጎረቤቱም ሳጥን ወጣ፤ የጎረቤቱ ጎረቤትም። የዚያ ዘመን ካርድ ዛሬም ሳይከፈት፣ ፕላስቲኩ ሳይላጥ፣ ብዙው ከአንድ ምሳ ብዙም ባልበለጠ ዋጋ ይገኛል። አንድ አገር ሙሉ እንደ እናቴ ሆነ፤ ያተረፈ ግን የለም። እናቴ ቢያንስ ሽሮ ታስቀምጥበታለች።

ኩባንያዎቹ ከዚህ ተምረዋል። ሰው መጣል ካቆመ ጣይዋን ፋብሪካው ራሱ ይሁናት አሉ። አሁን ካርዱ ገና ሲታተም ስንት እንደሚሆን ተቆጥሮ ፊቱ ላይ ይጻፍበታል፤ ከ99 አንዱ፣ ከ10 አንዱ፣ እስከ ከ1 አንዱ ድረስ። በብስክሌትና በጽዳት ሃምሳ ዓመት ይፈጅ የነበረው ጥፋት ዛሬ ማተሚያ ቤት ውስጥ ተጠናቆ ይወጣል። ተጫዋቹ የለበሰው ማሊያ ተቀዶ ጨርቁ ካርዱ ውስጥ ይገባል። የፒትስበርጉ ፖል ስኪንስ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲጫወት ማሊያው ላይ የነበረው ምልክት ተነስቶ፣ አንድ ካርድ ውስጥ ገብቶ፣ ፊርማው ተጨምሮበት ከጥቅሎቹ በአንዱ ተደበቀ። የ2024 የገና ዕለት የሎስ አንጀለስ አካባቢ የ11 ዓመት ልጅ ጥቅሉን ሲቀድ ወጣለት። ክለቡ ካርዱን ስጡንና ለ30 ዓመት የጨዋታ ትኬት እንስጣችሁ አለ። ቤተሰቡ እምቢ አለ፤ በመጋቢት 2025 ካርዱ በጨረታ 1.11 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት።

ይህ ዜና እኛ ቤት እራት ላይ ለሁለት ከፍሎናል። እኔ ትኬቱን እመርጥ ነበር አልኩ፤ ጨዋታ ማየት ነው እንጂ የጨዋታ ጨርቅ ምን ያደርጋል። ባለቤቴ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፒትስበርግ ድረስ የሚነዳው ማን ነው?» ስትል የእኔ ወገን ተሸነፈ። ልጄ በዚያ ሰሞን ሦስት ጥቅል ገዝቶ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቃቸው ተጫዋቾች ወጡለት።

ሌላው ያልገባኝ ነገር ማርክ ነው። ካርዱ በፖስታ ተልኮ፣ ገንዘብ ተከፍሎ፣ ሰው በማጉያ አይቶት ከ1 እስከ 10 ማርክ ይሰጠዋል፤ ከዚያ መልሶ በማይከፈት ፕላስቲክ ይታሸጋል። ከማርክ ሰጪዎቹ ስመ ጥሩው ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው ነው፤ በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ የድሮ ሳጥን ሲፈትሽ የተላከለት ክምር ስላነቀው በመጋቢት 2021 አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው ዘግቶ ነበር። በ10 እና በ9 መካከል ያለውን ልዩነት ልጄ አስረድቶኛል፤ ጥግ ነው፣ ጠርዝ ነው፣ ሥዕሉ መሐል ላይ መቀመጡ ነው። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቼ መለየት አልቻልኩም። ገንዘቡ ግን ይለያቸዋል፤ አንዳንዴ 9ኙ የ10ሩን ሩብ እንኳ አያወጣም።

ፎቶው የማን እንደሆነ ማርክ ሰጪዎቹን ብዙም አያሳስባቸውም። በ1969 ቶፕስ ኦሬሊዮ ሮድሪገዝ ብሎ ያሳተመው ካርድ ላይ ያለው ልጅ ኦሬሊዮ ሮድሪገዝ አይደለም፤ የክለቡን ዱላ የሚያቀብል ልጅ ነው። በ1957 ደግሞ የሃንክ አሮንን ፎቶ ገልብጠው አትመውት፣ በቀኙ የሚመታው ሰው ግራኝ ሆኖ ወጥቷል። ሁለቱም 10 ሊያገኙ ይችላሉ፤ ጥጋቸው ካልታጠፈ። እናቴ ማንትልን እረኛ ስትለው የሳቃችሁ ካላችሁ ይህንንም አስቡ።

ከሁሉም የሚገርመው የዋግነር ነገር ነው። ሆነስ ዋግነር የፒትስበርግ ተጫዋች ነበር፤ የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ ከ1909 እስከ 1911 ሲጋራ ፓኮ ውስጥ ካስገባቸው ካርዶች የእሱ ወዲያው ተቋረጠ። ልጆች ለካርዱ ሲሉ ትምባሆ እንዳይገዙ አስቦ አስቆመው የሚሉ አሉ። ገንዘብ ስላልከፈሉት ነው የሚሉም አሉ፤ እነዚህኞቹ ዋግነር ራሱ ትምባሆ ያኝክ እንደነበር ማስታወስ ይወዳሉ። በምንም ይሁን የተረፈው ሃምሳና ስድሳ ቢሆን ነው። በ2022 አንዱ 7.25 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። በ2021 ደግሞ ግማሹ ተቀድዶ የጠፋ ዋግነር ከ470 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል፤ የቀረውን ግማሽ የጣለችው እናት የት እንዳለች እግዜር ይወቅ። በጣም ንጹሕ የተባለውን ዋግነር በ1991 የበረዶ ሆኪው ዌይን ግሬትስኪ ከሸሪኩ ጋር በ451 ሺህ ዶላር ገዝቶት ነበር። ፒ.ኤስ.ኤ. ሥራ ሲጀምር ማርክ የሰጠው የመጀመሪያው ካርድ ይሄ ነው፤ 8 አገኘ። በ2013 ካርዱን ቀደም ሲል የሸጠው ነጋዴ ጠርዙን ራሱ እንደከረከመው ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። የፈተናው የመጀመሪያው ተፈታኝ ኮርጆ ያለፈ ነው እንግዲህ። ፈላጊ አጣ ወይ? የት አባቱ! ከኑዛዜው በፊት፣ በ2007፣ የተሸጠው በ2.8 ሚሊዮን ነበር፤ ከኑዛዜውም በኋላ የሚፈልገው ሰው አልጠፋም።

እኔ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ልቤ የገባው ጄፈርሰን በርዲክ ነው። ሲራኪዩስ፣ ኒው ዮርክ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ወዛደር ነበር። ሚስት አላገባም፤ ሀብት አልነበረውም፤ የመገጣጠሚያ በሽታ ጣቶቹን አቆልምሞበት ነበር። ሌሎቹ ትልልቅ ሰዎች ካርድን የልጅ ነገር ነው ብለው ሲንቁት እሱ ቤዝቦሉን፣ ፖስትካርዱን፣ የማስታወቂያውን ወረቀት፣ ሁሉን ሰበሰበ። ሰብስቦም አልቀረ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ፊደልና ቁጥር ሰጥቶ ካታሎግ አወጣ። ዛሬ በሚሊዮን የሚጫረቱት ሰዎች የዋግነርን ካርድ «ቲ206» የሚሉት በዚህ ወዛደር አጠራር ነው። እሱ በካታሎጉ ለዋግነር የገመተለት 50 ዶላር ነበር፤ ያኔ ከሁሉ ውዱ እሱ ነው።

በርዲክ ስብስቡን በሙሉ፣ ከ300 ሺህ በላይ ወረቀት፣ ኒው ዮርክ ላለው ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ። ከመካከሉ የቤዝቦሉ ብቻ ከ30 ሺህ ይበልጣል። እያመመው፣ እጁ አልታዘዝ እያለው፣ ሙዚየሙ ውስጥ ተቀምጦ ዓመታት አልበም ላይ ሲያስተካክል ኖረ። በጥር 1963 ጨረሰ፤ በመጋቢት አረፈ።

አሁን የምነግራችሁን የካርድ ሰብሳቢ ልጅ ባለበት ቤት ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ አታንብቡት። በርዲክ ካርዶቹን አልበሙ ላይ የለጠፈው በሙጫ ነው። ዋግነሩንም። ጀርባውን ሙጫ ቀብቶ፣ ገጹ ላይ አድርጎ፣ በዚያ በታመመ እጁ ተጫነው። ልጄ ይህን የነገርኩት ቀን እራቱን አልበላም። እኔ ግን ሙጫው ነው ደስ የሚለኝ። ሰውየው ካርዱን ዳግመኛ እንዳይሸጥ አድርጎ ነው ያሳረፈው። ማንም ከሙዚየሙ ነቅሎ ማርክ አያሰጠውም፤ ቢያሰጠውም 1 ነው። ደግሞ የእሱን ዋግነር ተራው ሰውም ሊያየው ይችላል፤ የሚሊዮኖቹ አብዛኞቹ ካዝና ውስጥ ናቸው።

ካርድ ማሳየት የሚባለው ችግር እኛ ቤት የገባው በዚሁ በኩል ነው። ልጄ ካዝና የለውም፤ የእናቱ ቡፌ ነው ያለው።

ቡፌውን ታውቁታላችሁ። የሰርጋችን የወርቅ ጠርዝ ያላቸው ሲኒዎች አሉበት፤ ቡና ተቀድቶባቸው አያውቅም። ረጃጅም ብርጭቆዎች አሉበት፤ የተቀመጡት ለክቡር እንግዳ ነው፤ ክቡር እንግዳ ሲመጣ ግን እንዳይሰበሩ ተብሎ በሌላ ይጠጣል። ልጄ ሦስተኛውን መደርደሪያ ለካርዶቹ ሲጠይቅ እናቱ «የማይነካ፣ የማይነበብ፣ ለምንም የማይሆን ወረቀት እንግዳ ፊት አላቆምም» አለችው። ልጁ ሲኒዎቹን አየ፣ እናቱን አየ፣ ዝም አለ። የፒ.ኤስ.ኤ.ው ፕላስቲክ የኛው ቡፌ ነው፤ በሩ ብቻ አይከፈትም። እናቴ፣ ነገሩን ከሶፋው ላይ ሆና ስትከታተል የቆየችው፣ «ማንትልን ግን ከዚያ አታንሱት» ብላ ፈረደች።

ሦስተኛው መደርደሪያ ለልጁ ተሰጠ። በፋሲካና በገና ካርዶቹ ይነሳሉ፤ ሲኒዎቹ ሰፋ ብለው ይቀመጣሉ። የማንትል ቅጂ፣ ሁለት የዘንድሮ ተጫዋቾች፣ አንድ ጥጉ የታጠፈ የ1970ዎቹ ካርድ (እሱን የሰጠው የምሠራበት ቦታ ያለው ሰውዬ ነው፤ እናቱ ያላገኙት) መስመር ይዘው ቆሙ። ሰላም ወረደ ብለን ነበር።

ከዚያ የመብራቱ ጉዳይ መጣ። ቡፌው አናቱ ላይ አምፖል አለው፤ ብርጭቆው ማታ ማታ የሚያብረቀርቀው በእሱ ነው። ልጄ ብርሃን ቀለም ይበላል፣ በተለይ የፊርማ ቀለም ያጠፋል ብሎ አምፖሉን ፈታው። ባለቤቴ በጨለማ የቆመ ብርጭቆ ምኑ ብርጭቆ ነው አለች። ክርክሩ ሰንብቶ በቀዝቃዛ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ተስማሙ። አሁን ልጁ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ከአምፖሉ ይብሳል ብሎ መጋረጃው ቀን ቀን ይዘጋ የሚል ጥያቄ አቅርቧል። በመስኮቱ ሥር የተደረደረው የእናቱ አበባ ነው። እሱን እስካሁን ያነሳው የለም።